ዳቦው ይሰጥ፣ ስልኩ ኪስ ይግባ

ይህን ዓይነት ቪዲዮ ያላየ የለም። ወጣቱ ስልኩን ደግኖ ስታዲየም አካባቢ በረንዳ ላይ ወደተኛ ሰው ይጠጋል። ብርድ ልብሱን ገለጥ ያደርጋል። ሰውየው ባንኖ ይነሳል፤ የስልኩ መብራት ዓይኑ ላይ ነው። የታሸገ ምግብ ይሰጠዋል። ከኋላ የሚያስለቅስ ዋሽንት ይገባል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል፦ «አገርህ የት ነው? እንዴት ጎዳና ወጣህ? ቤተሰብ የለህም?» ሰውየው ምግቡን ታቅፎ ይመልሳል። ምን ያድርግ? ሳይመልስ እንዳይበላ ይሉኝታ ይይዘዋል።

ቪዲዮ የሚቀርጹት ሲጠየቁ «አስፈቅደን ነው» ይላሉ። የራበው ሰው ፊት ምግብ ይዞ ማስፈቀድ ምን ዓይነት ማስፈቀድ ነው? እምቢ ቢል ምግቡን ትተውለት ይሄዳሉ? እንዲያ ከሆነ ፈቃድ ነው እላለሁ። ካልሆነ ግን ንግድ ነው፤ ያውም አንዱ ወገን ምን እንደሸጠ የማያውቅበት።

አዲስ አበባ ጎዳና ላይ ከሚያድሩት ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። ልጃቸው በረንዳ እንደሚያድር የማያውቁ ቤተሰቦች አሉ። ስልክ ሲደወል መልሱ «ደህና ነኝ፣ ሥራ ይዣለሁ» ነው። ለበዓል የማይሄደውም ባዶ እጁን መታየት ስለሚያፍር ነው። ገመናውን እንዲህ ሸፍኖ ይኖራል። ቲክቶክ ግን ገጠርም ይደርሳል። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ይዞ ይመጣና «እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ልጅ አይደለም እንዴ?» ይላል። ከዚህ በኋላ ልጁ በየትኛው ፊቱ አገሩ ይግባ? ይጥፋልኝ ቢልስ የለጠፈውን ሰው የት ያገኘዋል?

ሕጉ አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም ሆነ መሸጥ ይከለክላል። ቀጣዩ አንቀጽ ለዝነኞች፣ ለባለሥልጣናትና በአደባባይ ለሚሆኑ ጉዳዮች በር ይከፍታል፤ ጠበቆች እዚያ ላይ ይከራከሩ። በረንዳ አዳሪ ጠበቃ አቁሞ ሲከስ ግን እኔ አላየሁም።

«ካልታየ ማን ይረዳል?» የሚለውን አልንቀውም። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ዓለም የደነገጠው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውን አይቶ ነው። ያ ግን መንግሥት እንዲወራለት ያልፈለገው ረሃብ ነበር። ስታዲየም በረንዳ ላይ የተኛውን ሰው ማንም አልደበቀውም፤ በየቀኑ አጠገቡ እናልፋለን።

ፎቶው ታሪክ ቢሆን እንኳ ለተነሺው ምን ያተርፍለታል? ዶሮቲያ ላንግ የተባለች አሜሪካዊት በ1936 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆቿ የተጠጓትን አንዲት ችግረኛ እናት አነሳች። ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም። ፎቶው በዓለም ታወቀ። እናትየዋ ፍሎረንስ ቶምፕሰን ግን ከ40 ዓመት በኋላ ስትናገር ምነው ባላነሳችኝ አለች። ሳንቲም አላገኘችበትም።

ሕፃናትንማ አታንሱ፤ እዚያ ላይ ክርክር የለኝም።

ለጋሽ ማረጋገጫ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ብሩ የት እንደገባ ማወቅ መብቱ ነው። ስለዚህ ድስቱን ቅረጹ። የዳቦ ቤቱን ደረሰኝ አሳዩ። ሰልፉን ከጀርባ አንሱ። ራሳችሁን ሽንኩርት ስትከትፉ ቅረጹ፣ እሱም ያስለቅሳል። የበላውን ሰው ፊት ካላየሁ አልሰጥም የሚል ለጋሽ ከመጣ፣ የእሱ ብር ይቅርባችሁ።