እርማት፦ «ሠራተኛ ማኅበራት የፋብሪካ ጠላት ናቸው» ለተባለው

ወንድሜ፣ «የአፍሪካ ሠራተኛ ማኅበራት ከአውሮፓ ጋር የሚደረገውን የንግድ ስምምነት የተቃወሙት ፋብሪካ ስለማይወዱ ነው፤ ገበያው ቢከፈት ጎንደር በሰሊጥ ፋብሪካ ትሞላ ነበር» ያልከው ስህተት ነው። ገበያውማ ክፍት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጦር መሣሪያ በቀር የኢትዮጵያን ምርት ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ለዚህ ያንን ስምምነት መፈረም አላስፈለገም። ማኅበራቱ ያልተዋጠላቸው የወዲያኛው ጫፍ ነው፦ እኛም በአብዛኛው የአውሮፓ ዕቃ ላይ ቀረጥ እናንሳ መባሉ። ገና ዳዴ የሚል ፋብሪካ በርካሽ ዕቃ ሲዋጥ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሠራተኛው ነዋ።

የጎንደሩን የመተማ ሰሊጥ እይ። ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። አንድ ኩንታል በደህና መጭመቂያ 40 ኪሎ ገደማ ዘይት ይወጣዋል፤ የተረፈው ፋጉሎ ለከብት ይሆናል። ታዲያ ለምን ጥሬውን ይሄዳል? ላኪው ለዓመታት ሲፈልግ የኖረው ዶላሩን ነው። ሰሊጡን እየከሰረም በውድ ይገዛ ነበር፣ ኪሳራውን በዶላሩ በሚያስመጣው ዕቃ ያወጣው ነበር። ዘይቱን እዚሁ በብር የሚሸጥ ጨማቂ በዚያ ዋጋ ከገዛ አለቀለት (መብራት ሲጠፋ የሚቆመውን ሰዓት ሳንቆጥር)።

ደግሞ ማኅበር ማቋቋም ተአምር አይደለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት 10 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ይበቃል።