ምጣዱስ የት ይቀመጥ?

ኧረ በቃ! አሁን ደግሞ ለገጣፎ፣ ከአሮጌ የጭቃ ቤት ጀርባ “ዘመናዊ ኪችን” ተቀጠለ። ግራናይቱ ፊት ያሳያል። የእንጀራ ምጣዱስ? በረንዳ ላይ፣ ዝናብ እየመታው!

60 ሳንቲሜትር ገደማ የሚሰፋ ምጣድ 60 ሳንቲሜትር በሚጠልቅ ካቢኔት ላይ እንዴት ይደላደል? አክንባሎው በተነሳ ቁጥር እንፋሎቱን የሚጠጣው ከላይ የተሰቀለው የኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ) ካቢኔት ነው። በዓመቱ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል።

የኤሌክትሪክ መስመሩማ አይወራ። 3.5 ኪሎ ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። የኛ ባለሙያ ከሳሎኑ አምፖል በቀጭን ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይቀጥልለታል! ሶኬቱ ሲቀልጥ “መብራቱ ነው” ይላል።

ከቆጣሪው ለብቻው የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ 75 ሳንቲሜትር የሚጠልቅ ዝቅ ያለ የኮንክሪት መደብ፣ ከላዩ መስኮት። ይኼ ከበደ? ማንም ለማይቀመጥበት አይላንድ (ኪችኑ መሃል ለሚቆመው መደርደሪያ) ቦታ አልጠፋም እኮ!