ይድረስ ለሞተሬ ማሳ ሽቦ

ጉዳዩ፦ ከባትሪው ጋር የገቡበትን ኩርፊያ እንዲያቆሙ ስለመጠየቅ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኙት የተከበሩ ማሳ ሽቦ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ሞተር ከመግፋት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በቀትር ድሬዳዋ ውስጥ ከከዚራ ወደ መጋላ ስሻገር፣ ደቻቱ ድልድይ ላይ ባጃጅ ገባብኝና ሞተሩ ጠፋ። ስታርተር ስጫን፣ ጠቅ። ደግሜ ስጫን፣ ጠቅ። ከኋላ የባጃጆች ጡሩምባ ያገሳል። የእኔው ጡሩምባ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው። ፍሬቻ ሳበራማ የኋላ መብራቱም አብሮ ይርገበገባል።

ጥላ ሥር የተቀመጡ ጀመዓ ከተቀመጡበት ሳይነሱ መረመሩኝ። «አቦ ባትሪው ነው!» አለ አንዱ። «ካንዴላ ነው» አለ ሌላው፣ ጉንጩ እንደተወጠረ። ካንዴላ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥል ነው፤ ከዚያ ጠቅታ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ግን በዚያ ፀሐይ ማን ይከራከራል?

ባትሪ ገዛሁ። ጠቅ። ለስታርተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ሪሌ ቀየርኩ። አሁንም ጠቅ፣ ብቻ ድምፁ አዲስ ነው።

መካኒክ ዘንድማ ጠዋት ስንሄድ ጭምት ነዎት። ገና ስነካው ይነሳል። «ምንም የለውም» ብሎ ይመልሰኛል። የሚያምዎት ከምሳ በኋላ ነው። ከምሳ በኋላ ደግሞ ድሬ የጫት በርጫ ላይ ናት፤ ማን መካኒክ ይገኛል? ሰዓቱን ማን ነገረዎት?

በመጨረሻ አንድ የሰፈር ልጅ ቮልት የሚለካ ቴስተር ይዞ መጣ። ባትሪው 12.6 ቮልት፣ ጤነኛ። ከዚያ የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የኢንጂኑ ብረት ላይ አድርጎ «ስታርተር ተጫን» አለኝ። ዜሮ አጠገብ መቆም የነበረበት ቁጥር 3ን አለፈ። ለካ 3 ቮልት መንገድ ላይ ቆርጠው የሚያስቀሩት ደላላ እርስዎ ኖረዋል!

ብሎንዎ ሲፈታ ሥሩ ቀይ ቀለም። ሞተሩን የሸጠልኝ ሰው አዲስ ለማስመሰል ሻሲውን ሲያስቀባ መቀመጫዎን አልማረም። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ ተፋቀ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ አለቀ። ዋጋው አንድ ሻይ።

ስለሆነም ያለጥፋቱ የተባረረውን ባትሪ ካሣ እንዲከፍሉ በትህትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለአሮጌው ባትሪዬ፣ ከይቅርታ ጋር። (ለባለቤቴ እንዳይደርስ፤ የአዲሱን ዋጋ ገና አልሰማችም።)