ማስተካከያ፦ ከጎንደር ላሊበላ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ለገና ላሊበላ ለሚሄዱ መንገደኞች ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ከጎንደር ላሊበላ «በአየር 360 ኪሎ ሜትር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ በረራ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው። ቁጥሩ የመኪናው መንገድ ነው።

የሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ይፋዊ መገኛ ነጥቦች ወስጄ ስለካው፣ ቀጥታው የአየር ርቀት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራውም ግማሽ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ቲኬት ላይ የሚታየው ሰዓት ትንሽ ሊረዝም ይችላል፤ አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ ወደ ሰማይ እስኪነሳና ካረፈ በኋላ እስኪቆም ያለውን ጊዜም ይጨምራልና።

ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው በመሬቱ አቀማመጥ ነው። መኪና ከጎንደር መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወረታ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በደብረ ታቦርና በጋሸና ዞሮ እንደገና ወደ ሰሜን ላሊበላ ወዳለችበት ወደ ላስታ ይወጣል። አውሮፕላን ግን ይህን ሁሉ ዙሪያ ትቶ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ያቀናል።

በእኔ ቁጥር ተመርታችሁ «በአየርም ሩቅ ነው» ብላችሁ በረራውን የተዋችሁ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እንደገና አስቡበት። ሰዓት ስታሰሉ ግን የምድሩን ጉዞ አትርሱ። የጎንደሩ ማረፊያ ከመሀል ከተማው ወጣ ብሎ አዘዞ ነው፣ የላሊበላውም ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በገና ሰሞን ደግሞ ያ መንገድ በምእመናንና በመኪና ይጨናነቃል። ቀጥታ በረራ መኖሩንም ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ከሌለ በአዲስ አበባ መዞር ሊኖርባችሁ ነው፣ ያኔ የግማሽ ሰዓቱ ስሌት አይሠራም።

የቀደመውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። ያጋራችሁት ሰው ካለ ይህንንም አድርሱለት።