«ታድለው!» ለምትሉ ሁሉ

ሰው አገር ያለ ዘመድ በሚልከው ፎቶ ላይ መቼም ድካም አይታይም። ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚለቀቀው ቪዲዮም እንደዚያው ነው። አንዱ ጠፈርተኛ እየተንሳፈፈ የውሃ ድቡልቡል በአፉ ሲቀልብ ያየ ሁሉ «ታድለው!» ይላል። ስበት ምድር ላይ በነጻ የሚሠራልንን ሥራ እኮ እነዚያ ሰዎች በማራገቢያ፣ በማሰሪያና በላብ ነው የሚሠሩት። (ስበቱ አልጠፋም፤ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ 90 በመቶ ያህሉ አለ። የሚንሳፈፉት ከነጣቢያው አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው።)

እንቅልፉን እንይ። እኛ ስንተነፍስ የወጣው ሞቃት አየር ሽቅብ ይሄዳል፣ ንጹሑ ይተካዋል። እዚያ ግን ሽቅብ የሚባል ነገር ስለሌለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፊት ላይ ተከማችቶ ይቀራል። ስለዚህ ቁም ሣጥን በምታክል መኝታ፣ ግድግዳ ላይ በታሰረ ከረጢት ገብተው ሲተኙ ማራገቢያው ሌሊቱን ሙሉ ያጓራባቸዋል። ማጥፋት የለም፤ ከጠፋ የሚቀሰቅሳቸው ራስ ምታት ነው። «ሌሊት» ያልኩትም በሰዓት ነው እንጂ ፀሐይ በቀን 16 ጊዜ ትወጣለች።

ሽንት ቤቱም ያለ ማራገቢያ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ መሳቢያው ይበራል፣ እግር ማሰሪያ ውስጥ ይገባል፣ ሽንቱ በቱቦ፣ ሌላው በከረጢት ይሳባል። ከረጢቱ ታስሮ ወደ ጣሳው ይገፋል፤ ጣሳው ሲሞላ ከቆሻሻ ልብሱ ጋር በጭነት መንኮራኩር ተጭኖ ከባቢ አየር ውስጥ ይቃጠላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ጣቢያው የተላከው አዲሱ ሽንት ቤት 23 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። መቀመጫ ነው እንግዲህ!

ሽንቱ ግን አይጣልም፤ ተጣርቶ ይጠጣል። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ማጣሪያው ተደፈነ። ክብደት የማይሸከም አጥንት ካልሲየም ይለቃል፤ ካልሲየሙ ሽንት ውስጥ ይገባል፤ ሽንቱን ለማቆየት ከሚጨመረው ሰልፈሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ጄሶ ይሆናል። አዎ፣ ጄሶ! መሣሪያውን የደፈነው የገዛ አጥንታቸው ነበር። ምድር ላይ ሲሞከር ያላስቸገረ ነገር ነው፤ የእኛ ሽንት ያን ያህል ካልሲየም የለውማ። በኋላ አሲዱ በፎስፈሪክ ተቀየረ፤ በ2023 ከጠቅላላው ውሃ 98 በመቶውን መልሶ መጠቀም ተቻለ።

አጥንቱን ለማዳን ደግሞ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት አለ። መሮጫ ማሽኑ ላይ በትከሻና በወገብ በላስቲክ ገመድ ካልታሰሩ የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ጣሪያ ይወረውራቸዋል። ብረት ማንሳት ቢያምራቸው ብረቱ ስለማይከብድ የሚገፉት አየር ከወጣለት ሲሊንደር ጋር ነው። ላብም አይንጠባጠብም፤ ቆዳ ላይ ተለጥፎ እንደ ኩሬ ይጠራቀማል። በፎጣ ይጠርጉታል፣ ፎጣው ሲደርቅ እንፋሎቱ ወደ ማጣሪያው ይገባል፣ ከዚያ ያው ይጠጡታል።

ዕቃ መጥፋቱ ሌላ ጣጣ ነው። እኛ የወደቀብንን ጎንበስ ብለን እናነሳለን፤ እዚያ ያልታሰረና በቬልክሮ ያልተለጠፈ ሁሉ አየሩ ወደወሰደው ይሄዳል። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ፍራንክ ሩቢዮ ጣቢያው ላይ የበቀለች ቲማቲም ጠፍታበት ቢፈልግ ቢፈልግ አጣት። ጓደኞቹ «በልተሃት ነው» እያሉ ሲቀልዱበት ከረሙ። እሱ 371 ቀን ቆይቶ ምድር ከተመለሰ በኋላ፣ ቲማቲሟ ደርቃ ተገኘች።