ኮምፖስቱስ ይሁን፣ ኩበቱን ምን እናድርገው?

ስለ «ስማርት» ግብርና ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ ገበሬ ኮምፖስት (ከእበትና ከቅጠላ ቅጠል የሚበሰብስ ማዳበሪያ) ያዘጋጅ፣ በቧንቧ ቀዳዳ ጠብ ጠብ በሚል የጠብታ መስኖ ያጠጣ ይላል። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ግን ጸሐፊው ኩበትን ረስቶታል።

ያደግኩት ሰንዳፋ አካባቢ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት እበቱን ከጭድ ጋር ለውሳ በእጇ ትጠፈጥፈው ነበር፤ የአምስት ጣቷ ምልክት ኩበቱ ላይ ደርቆ ይቀራል። ግማሹ ለእንጀራ ምጣድ፣ ግማሹ ለገበያ። ለማሳው የሚተርፈው አመዱ ብቻ ነው፤ ሰብሉን የሚመግበው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ሄዷል። ስለዚህ በእኛ አገር የአፈር ጉዳይ የሚጀምረው ከማጀት ነው። ባዮጋዝ (ከእበት የሚወጣ የማብሰያ ጋዝ) ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላስገባ ቤት እበቱን ለኮምፖስት ጉድጓድ አይሰጥም፣ አይፈረድበትምም።

ደግሞ ሁሉም ነገር አዲስ አይደለም። ጥቁሩ መሬታችን ክረምት ውሃ ያቁራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አባቶቻችን ዝናቡ ሊወጣ ሲል ሽምብራና ጓያ ይዘሩበታል፤ በቀረችው እርጥበት ይደርሳል፣ ለአፈሩም ናይትሮጅን ይመልሳል። «ስማርት» ያላቸው ሰው ግን አልነበረም!

መስኖውንስ በየትኛው ውሃ? የአቃቂ ወንዝ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚወርደው። እንዲህ ያለ ውሃ የጠብታውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሰላጣው ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበላው።

መሬቱስ ነገ በእጃችን ይቆያል? አንድ ጎረቤታችን ለእርከን ብለው ድንጋይ ከምረው ነበር። መሬቱ ለከተማ ይነሳል የሚል ወሬ ሲሰሙ ድንጋዩን ለቤት መሠረት ሸጡት።