ከጅቡ በኋላ ለሚጮኸው ውሻ ካባ ይደረብለት

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያሉ አንድን ታታሪ ፍጡር ሲሳለቁበት ኖሩ። አይፈረድባቸውም፤ ዘመኑን አላዩም። ዛሬ ከጅቡ በኋላ መጮህ ሙያ ሆኗል። ቢሮ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ተጠርዞ የሚቀመጥ ወፍራም ሰነድ አለው። ስሙም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይባላል፤ አንድ ፕሮጀክት በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ጉዳት የሚጠናበት ማለት ነው። እኛ ጎንደሬዎች ደግሞ በዚህ ሙያ የምንታማ አይደለንም።

ሕጉን ያነበበ ሰው መጀመሪያ ግራ ይጋባል። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ አይጀምርም ይላል። የኢንቨስትመንትና የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትም ይህንን ሳያረጋግጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ያዛል። እስቲ አስቡት። ፋብሪካው ሳይኖር ተፅዕኖውን ማን ያውቃል? ሳይሸት ስለ ሽታ እንዴት ይጻፋል? ስለዚህ በኛ ዘንድ መጀመሪያ ጣሪያው ይመታል፣ ማሽኑ ይነሳል፣ ቱቦው ወደ ወንዙ ይዘረጋል። ከዚያ ባለሙያ ይጠራና ተረጋግቶ ያጠናል። ጥናቱ መቼም አይሳሳትም። ያለቀውን እያየ ነዋ የሚጽፈው!

አጥኚውን የሚቀጥረውም የሚከፍለውም ባለሀብቱ ነው። ይሄ እንኳ የኛ ፈጠራ አይደለም፤ ወጪው የባለፕሮጀክቱ እንዲሆን አዋጁ ራሱ ፈቅዷል። የሴት ልጅ ቤተሰብ ስለ ሙሽራው ጠባይ ሲያጣራ፣ ሙሽራው ራሱ የላካቸውን ሽማግሌዎች እንደመጠየቅ ነው። የትኛው ሽማግሌ ነው በሰው ጠጅ ጉሮሮውን አርሶ «ልጁ እንኳ ሰካራም ነው» የሚለው?

ሰፈራችን አጠገብ የተተከለ አንድ ድርጅት ጥናት በሰው በሰው እጄ ገብቶ ነበር። ሥዕል አለው፣ ሠንጠረዥ አለው፣ ማውጫው ብቻ አራት ገጽ ነው። መሀል ላይ ስደርስ «ፍሳሹ ወደ አዋሽ ወንዝ እንዳይገባ ጥብቅ ጥንቃቄ ይደረጋል» ይላል። ክፉ ሰው «ኮፒ ፔስት ነው» ይላል። እኔ ግን አደንቃለሁ። ቃላቸውን ጠብቀዋል። እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አዋሽ አልገባችም። ሁሉም የገባው ቀሃ ነው።

ቀሃን የማያውቅ ካለ፣ ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚህ ወንዝ በሚጠለፍ ውሃ ነው። ከተማችን በቀሃና በአንገረብ መካከል ነው የተቆረቆረችው። ሁለቱ ወንዞች ከከተማው በታች ይገናኙና ወደ መገጭ፣ መገጭ ደግሞ ወደ ጣና ይወርዳል። ጣና ላይ እምቦጭ አለ። እምቦጭ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ የጠገበ ውሃ ይወዳል። እኛም እንግዳ ጦሙን አያድርም ብለን ከላይ እንልክለታለን። ሲፋፋ ደግሞ በዘመቻ ወርደን እንነቅለዋለን። ለዘመቻው ቲሸርት ይታተማል። ይሄ ሁሉ የሥራ ዕድል ነው።

የሕዝብ ምክክሩስ ቢሆን! አዋጁ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ አስተያየትም ይሰብሰብ ይላል። ተሰብስበናል እኮ። ፋብሪካው ማጨስ ከጀመረ ወር አልፎት ነበር፤ የድንኳኑን መግቢያ ያገኘነው ጭሱን ተከትለን ነው። አንዲት እናት ተነሡና «ልጆቼ፣ ይሄ ውሃ ሽታው ምንድነው? በጎቹ እንኳ አፍንጫቸውን አዞሩበት» አሉ። መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ጎንበስ ብሎ ጻፈና «የማዘር ጥያቄ በግብዓትነት ተወስዷል» አለ። የት እንደተወሰደ ማዘር እስካሁን ይጠይቃሉ። ከዚያ ለስላሳ ተጠጣ፣ ለውሎ አበል አቴንዳንስ ተፈረመ። ያ ፊርማ ጥናቱ መጨረሻ ላይ ተያይዟል። ርዕሱ «ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ የደገፉ የአካባቢው ነዋሪዎች» ይላል። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው። ማዘር በጣታቸው ፈርመዋል።

ቅጣት የለም እንዳትሉ። ይህ የ1995 አዋጅ ያለ ይሁንታ ሥራ የጀመረን ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። አዋጁ ሲወጣ ይሄ ብር ያስደነግጥ ነበር። ዛሬ ለፋብሪካው ምረቃ የሚታረደው ሰንጋ ዋጋ ነው። ሰንጋው ቢያንስ ጥሬ ሥጋ ይወጣዋል።

እኔም ዜጋ ነኝ ብዬ አቤቱታ ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ኃላፊ ተቀበሉኝ።

«ታመሃል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ከብት ሞቶብሃል?»

«ከብት የለኝም።»

«ታዲያ ምን አገባህ?»

የብክለት ቁጥጥር አዋጁን፣ ቁጥር 300/1995ን፣ አውጥቼ አሳየኋቸው። ማንም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካልተስማማው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። ከልባቸው ተደነቁ። «ጥሩ ሕግ ነው፤ ኮፒ አድርገህ ተውልን» አሉኝ። ኮፒውን በራሴ ብር አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ በሄድኩ ቁጥር ኃላፊው ወርክሾፕ ላይ ናቸው። ርዕሱን ጠየቅሁ። ብክለት ቁጥጥር ነው።

በ31ኛው ቀን ስልክ ተደወለ። «ውሳኔ ተሰጠ?» አልኩ እየሮጥኩ። አይደለም። ግንቦት 28 የዓለም የአካባቢ ቀን ስለሆነ እንደ ንቁ ዜጋ ተጋብዣለሁ። ሄድኩ። ቀሃ ዳር ችግኝ ተከልን፣ አፍንጫችንን ይዘን ፎቶ ተነሣን። «ወንዛችንን እንታደግ» የሚል አረንጓዴ ቲሸርት ተሰጠን። ጀርባው ላይ የስፖንሰሩ አርማ አለ። የማን አርማ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ቲሸርቱ በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ለቀቀ። አረንጓዴውን ውሃ በር ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ደፋሁት፤ ቦዩ ወደ ቀሃ ነው የሚሄደው። ለካ ቲሸርቱን ስቀበል አቴንዳንስ ፈርሜያለሁ። ምን እንደደገፍኩ ገና አልተነገረኝም።